የአያ አዛናው የበርሜል ከብቶች

አያ አዛናው ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለሥራ ልወጣ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አግብቼ ሌላውን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ልጃቸው የሻረግ ናት፤ አዘዞ ውስጥ በአንድ ግቢ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤቴ። "ሰናይት፣ አባቴ አረፈብኝ" አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው። ለቀብር ወደ ዳባት መንገድ ላይ ነበረች። እኔ በአንድ እግር ጫማ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንደ ሰው ወጉ ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፌ ላይ የመጣው "ሳልነግራቸው!" የሚል ብቻ ነው። ልነግራቸው የሚገባኝ አንዲት አጭር ነገር ነበረች። ከኔ በር እስከ የሻረግ በር አራት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን ያቺን አራት እርምጃ ለመሄድ ወራት አንሶኝ ቀረ። አፌ ለስድብ ሲሆን ቶሎ ነው። ለእውነት ሲሆን ነው የሚጎተተው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ብልቃጥ ስነካካ እውልና ማታ የምገባው አንድ ክፍል ቤቴ ነው፤ ከፊቱ በስሚንቶ የተለሰነች ጠባብ ደጅ አለችኝ። ታዲያ አንድ ሰሞን ስልኬ ላይ ሰዎች ያለ አፈር፣ በቱቦ ውስጥ፣ በውሃ ብቻ ሰላጣ ሲያበቅሉ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ይኼማ ለኔ የተፈጠረ ነው አልኩ። ፒያሳ ወጥቼ የፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁ፤ በጋለ ብረት በሳሳሁት፤ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከየጎረቤቱ ለቀምኩ። ዘሩን ስፖንጅ ቁራጭ ላይ አስቀምጬ፣ ማዳበሪያውን በጠብታ ለክቼ፣ ሥሩ በጠራው ጠርሙስ ውስጥ እንደ ነጭ ክር ሲወርድ ፎቶ እያነሳሁ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁ። በአሥረኛው ቀን ሥሩ ጠቆረ፤ ጠርሙሱን አረንጓዴ ልጋግ ሞላው፤ ሰላጣው አንገቱን ደፋ። ፎቶ የላክሁላቸው ሰዎች ደግሞ "ሰላጣው ደረሰ ወይ?" እያሉ መጠየቁን ተያያዙት። ያንጊዜ ስልኬን ብወረውረው ደስ ባለኝ።

አያ አዛናው የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት ሳይሞላ የሳቸውም ጉልበት አልታዘዝ አለ። የሻረግ አገር ቤት ድረስ ሄዳ "ሐኪም ይይህ" ብላ ይዛቸው መጣች። መሬታቸውን ለወንድማቸው ልጅ በእኩል አርሶ ሊያካፍላቸው ሰጥተው፣ በሬዎቻቸውን ሸጠው ነው የመጡት። "ለክረምት እመለሳለሁ" ይሉ ነበር። እንዲህ እያሉ ሁለት ክረምት አለፈ።

ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ሲቆሙ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ያንጠለጥሉበታል። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ እጃቸው የገባውን ነገር ሁሉ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አድርገው ያሹታል። ዕድሜ ልካቸውን አፈር ሲፈትሹ የኖሩ ጣቶች ናቸው። አዘዞ አፈር ቢያጡ የስሚንቶ አቧራ ያሻሉ፣ የየሻረግን ዱቄት ያሻሉ፣ ምንም ከጠፋ የጋቢያቸውን ጫፍ ያሻሉ። የመጀመሪያ ቀን እኔ ከጠርሙሶቼ መሐል ተኮራምቼ ተቀምጬ ሳለሁ መጡና ከስፖንጆቼ አንዱን አንስተው አሹት።

"ምነው ልጄ፣ አፈር ምን በደለሽ?"

"ምንም አልበደለኝ አያ፤ የለኝም እንጂ።"

"እሱስ እኔም የለኝ" አሉና እንደምንም ጉልበታቸውን አጥፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

የጠቆረውን ሥር በጣታቸው አንስተው አሸተቱት። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አቀኑትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኸን ምስኪን በጠራራ ፀሐይ ራቁቱን አቁመሽው! ሥር መነኩሴ ነው፣ ልጄ። ጨለማ ነው የሚወድ። ማን ሲያየው ደስ ይለዋል ብለሽ ነው?" የሻረግን ጠርተው አሮጌ ጥቁር ቀሚስ አስመጡ፤ ቀዳደው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠቀለሏቸው። ግቢው በሳቅ ሞተ። ለቅሶ የተቀመጡ ጠርሙሶች መሰሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰላጣ በላሁ። እኔ ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቼ ያላገኘሁትን እሳቸው በአፍንጫቸው አገኙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረና "እሜት ቱቦ" ሆንኩ። "እሜት ቱቦ፣ እንዴት አደርሽ? ቱቦሽስ?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። እኔም ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የቤቴን በር ሳይሆን እሳቸው መቀመጫቸው ላይ መኖራቸውን ነበር። አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ፤ ሌላ አልናገርም።

ሰላጣው ሲሳካ እኔ መች እጄን እሰበስባለሁ! ዓሣ ደግሞ ልጨምር አልኩ። ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አመጣሁ፤ ከበላዩ በቀላል ቀዳዳማ ድንጋይ የሞላ ገንዳ አቆምኩ፤ ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩ። ከጎርጎራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሃያ የሚሆኑ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች በጀሪካን አመጣልኝ። ለአያ አዛናው ነገሩን ላስረዳ ብዬ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። ዓሣው ይበላል፣ ኩሱ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ፓምፑ ያንን ውሃ ወደ ገንዳው ይገፋዋል፣ አትክልቱ ኩሱን ይመገባል፣ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"ይኸማ በረት ነው!"

"በረት?"

"በረት ነዋ! ከብቱ ያድራል፣ እበቱ ይወጣል፣ ጓሮው ይበላል። እኛ በቅርጫት ስናወጣ ወገባችን ተቆረጠ፤ አንቺ ቱቦ አለሽ። ሸጋ ነው። በጣም ሸጋ ነው።" እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን እሳቸው ቆመው ሳሉ ጨረሱት። ዓሦቹ ከዚያ ወዲያ ዓሣ ተብለው አያውቁም። "ከብቶቹ እንዴት አደሩ?" ነው። ግንባሯ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያላትን አንዷን ዓሣ ደግሞ "ቦራ" አሏት። ቦራ የሸጡት በሬያቸው ስም ነበር። "አያ፣ ይቺኮ ሴት ትሁን ወንድ አናውቅም" ብላቸው "ዋናው መልኩ ነው" አሉኝ። ሲያድጉ ጠብሰን እንበላለን ስል ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ሌሎቹን እንደወደድሽ። ቦራን ግን ተይልኝ።"

ያኔ ነው ሰውዬው እንደገና ገበሬ የሆኑት። እግዜር ያውቃል፣ አልዋሽም፤ ወገባቸው ሁሉ ቀና አለ። ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ነው። ምግባቸውን ቆንጥረው ይሰጧቸዋል፤ የፓምፑን ድምፅ ጆሯቸውን ወደ ቱቦው አስጠግተው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ዋዛ ነግሬያቸው ነበር። መብራቱ ከረፋዱ ጠፍቶ አልመጣም። በአሥራ አንድ ሰዓት ስደርስ አያ አዛናው በርሜሉ አጠገብ ቆመው በጣሳ ውሃ ይቀዳሉ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁራሉ። ይቀዳሉ፣ ያንቆረቁራሉ። ምሳ አልበሉም።  በሬ ጠምደው እንደሚያዜሙት በዝግታ ያዜማሉ።

"አያ፣ ኧረ ያርፉ! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየኋቸው፤ እንዴት ትቼ ልቀመጥ?" አሉኝ። ጣሳውን ስቀበላቸው ጣቶቻቸው ተጣጥፈው ቀርተው ነበር፤ እያሸሁ ፈታኋቸው።

ስለ ውሃም ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ከመጨመሩ በፊት በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ ማደር እንዳለበት አንብቤያለሁ፤ አንዳንዴ እዘነጋዋለሁ። እሳቸው ግን አይዘነጉም። "ውሃም እንግዳ ነው። ሩቅ መጥቷል። ይረፍና ይግባ" ይሉኛል፤ ሳፋውን ራሳቸው ነፋስ ላይ አውጥተው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረች ነገር ፈቱ። ጥቁር፣ ከሰናፍጭ ያነሱ ፍሬዎች። የሚስታቸው የጓሮ የአበሻ ጎመን ዘር ነው። ሴትዮዋ ከሞቱ ወዲህ ያልተዘራ። እንደገና ከመቋጠራቸው በፊት ጥቂቱን መዳፌ ላይ ቆንጥረው አደረጉልኝ። "ገበሬ በሬውን ይሸጣል። መሬቱንም በእኩል ይሰጣል። ዘሩ ቋጠሮው ውስጥ እስካለ ግን ገበሬ ነው" አሉኝ። ገንዳው ላይ ዘራነው። በቀለ። ቅጠሉ ሲሰፋ አንዱን ቆርጠው አሹትና አሸተቱት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

አሁን ወደ መጥፎው ልምጣ።

በዚያ በጋ ውሃ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በርሜሉ ወደ ግማሽ ወረደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" ብሎ ተንጫጫ። እኔ የጓደኛዬ ሠርግ ነበረብኝ፤ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቀሚሴን ለብሼ፣ መኪና ውጭ ይጠብቀኛል። ውሃው ተመልሶ ሳይሄድ ብዬ አንድ ጀሪካን ሞልቼ ከደንኩ፤ የውሃ ጎማውን ደግሞ በቀጥታ በርሜሉ ውስጥ ሰድጄ እስከ አፉ ሞላሁት። ሳፋ የለ፣ ማሳደር የለ። አያ አዛናው ማኅበር ሄደው ነበር። ቢኖሩ ጎማውን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር።

እሁድ ረፋዱ ላይ ከእንቅልፌ ስነሳ ዓሦቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ሁሉም። ቦራም። ቀና ስል የጎመኑ ቅጠል ላይ አመድ አየሁ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወጥቶበት ነበር፤ አያ አዛናው ቅዳሜ ጠዋት ከየሻረግ ምድጃ አንድ እፍኝ አመድ አምጥተው ነስንሰውበታል። አገራቸው ክሽክሽ የሚባረረው እንዲሁ ነው። እኔ ደግሞ አመድ የዓሣ ውሃን እንደሚያበላሽ አንብቤ ነበር፤ ለሳቸው ግን አልነገርኩም። ካልጠየቁኝ ምንም እንዳይጨምሩ ብቻ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም ከላይ ቅጠሉ ላይ ነው እንጂ ውሃው ውስጥ አልጨመርኩም ብለው ነው።

አያ አዛናው ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። አፌ ተከፈተ።

"አመድ ነሰነሱበት? አመድ! ስንት ጊዜ ነው የተናገርኩ? ይኼ የዳባት ጓሮ አይደለም! ገበሬነትዎ እዚያው አገርዎ ቀርቷል፤ እዚህ እጅዎን ይሰብስቡልኝ!"

ግቢው በሙሉ ሰማ። የሻረግ ልብስ ከምታሰጣበት እጇ አየር ላይ ቀረ።  አያ አዛናው ቀስ ብለው ወደ በርሜሉ መጡ፤ ቦራን በሁለት መዳፋቸው አወጧት፤ አዩዋት። ከዚያ መልሰው አስቀመጧትና እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ገቡ።

ሰኞ ከላቦራቶሪ የመለኪያ ወረቀት ይዤ መጣሁ። የአመዱን ጥፋት በወረቀት ላይ ላየው፣ ላሳያቸውም ነበር ፍላጎቴ፤ እንዲያ ነበርኩ። የበርሜሉን ውሃ ለካሁት። አመድ ቢያበላሸው ኖሮ ወረቀቱ መልኩን ይለውጥ ነበር፤ አልለወጠም፤ እንደ ወትሮው ነው። ግራ ገባኝ። ቅዳሜ የሞላሁት፣ ተከድኖ የቆየው ጀሪካን ትዝ አለኝ። ከፍቼ የክሎሪኑን ወረቀት ነከርኩበት። ወዲያው ቀላ። እንደገና ነከርኩ፤ እንደገና ቀላ።  ከግድግዳው ማዶ የአያ አዛናው ሳል ይሰማኛል። ዓሦቹን የገደልኩ እኔ ነኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ አመሸሁ። ረቡዕ ራሴን አመመኝ፤ ማለትም አመመኝ አልኩ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የቤቴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ከጎናቸው የግቢው ባለቤት ጋሽ ተካ። አያ አዛናው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። የዳቦ ቆሎ የሚያህል ጠጠር እንዳይመስላችሁ፤ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው! በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይለምናል። የተበደለው "ጣለው" እስኪለው ድረስ አይጥልም። ይህን ግን ታናሽ ለታላቅ፣ ወይ እኩያ ለእኩያ ሲያደርገው ነው የማውቀው። ሽበታም አባት ለልጃቸው እኩያ ተሸክመው አላየሁም፤ ማንም አላየም።

"ልጄ" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያቀኑ። "ከብትሽን ገድያለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ቢሆንም ገድያለሁ። የሰው ከብት የገደለ ይሸከማል። ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ ይቅር በይኝ።"

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። እምላለሁ፣ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን የሻረግ በሯ ላይ ቆማለች፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፣ ጋሽ ተካ "በይ እንጂ፣ አባትሽ ናቸው" ይሉኛል። እሁድ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሳደብኩ ሰው፣ በዚያው ሰው ፊት "እኔ ነኝ" ልበል? የአያ አዛናው የታመመው ጉልበት ከድንጋዩ ክብደት ይታጠፍ ጀመር።

"ይጣሉት አያ፤ ይቅር ብያለሁ" አልኩ።

ይቅር ብያለሁ! እኔ!

ድንጋዩን በዝግታ ከቤቴ በር ሥር አወረዱት። ግንባሬን ሳሙኝ። "እግዜር ይስጥሽ። ደግሞም ያልሽው እውነት ነው፤ ገበሬነቴ እዚያው ቀርቷል" አሉኝ። ምሬት የለበትም። እንደ ተመረመረ ነገር፣ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ነው የተናገሩት።

ከዚያ በኋላ በርሜሉን ነክተው አያውቁም። አዲስ ዓሦች አስመጣሁ፤ "አያ፣ ይምጡ ከብቶቹን ይዩ" አልኳቸው። ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው አዩና "ሸጋ ናቸው" አሉ፣ እጃቸውን ከጋቢው ሳያወጡ። "ስም ያውጡላቸው" አልኩ። "አንቺው አውጪላቸው ልጄ። የኔ እጅ ከብት አይረባለትም" አሉኝ። ማሸቱንም ተዉ። ዱቄቱንም፣ የጋቢውንም ጫፍ። እኔ ጾሙ ሲፈታ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። በቆየሁ ቁጥር ነገሩ ከበደ፤ መጀመሪያ የዓሣ ነገር ብቻ ነበር፣ ኋላ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ የሚልም ተጨመረበት።

ከዚያ አንድ ቀን "አገሬ ልግባ" አሉ። የሻረግ ብታለቅስ፣ ብትለምን እንቢ። ጉልበታቸውን ሐኪም አይቶላቸዋል፤ ከዚህ በላይ ከተማ ምን ያደርግላቸዋል። ቦርሳቸውን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። የዳባት መኪና መጣ። አሁን ነው አልኩ፤ የሻረግ ከሾፌሩ ጋር ስለ ወንበር ትነጋገራለች፤ ሁለታችን ብቻ ነን።

"አያ አዛናው..."

"ምነው ልጄ?"

ዓይናቸው ደግ ነበር። ያ ነው ያሸነፈኝ። "በሰላም ይግቡ" አልኩ።

"አሜን። እንቺ" አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ ያቺን ቋጠሮ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩ። የጎመኑን ዘር። እንደ ፊቱ ቆንጥረው አልነበረም። ሁሉንም። "አንቺ ዘንድ ይሻላል" አሉኝና መኪናው ውስጥ ገቡ። እኔ አስፋልቱ ዳር ቋጠሮውን ጨብጬ ቀረሁ። ዘሩ ቋጠሮው ውስጥ እስካለ ገበሬ ነው ያሉኝ ሰው ናቸው። ምን እየሰጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት።

ሁለት ወር እንኳ ሳይቆይ፣ በዚያ ማክሰኞ ሞታቸው ተሰማ። የሻረግ ቀብራ ዓርብ ተመለሰች፤ ግቢው ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሸራ ወጥሮ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ሐምሌ ነውና ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። እኔም ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የሻረግ ድምጿ ዘግቷል፤ ስለ አባቷ መጨረሻ ለጋሽ ተካ ትነግራቸው ነበር።

"በቤታችን ልማድ ዘር ሲዘራ የመጀመሪያውን እፍኝ ገብስ የሚበትነው አባቴ ነው። መሬቱ በእኩል ከተሰጠ ወዲህ እንኳ፣ እሱ እዚህ እያለ እንኳ፣ ስልክ ተደውሎ መርቆ ነው የሚጀመረው። ዘንድሮ አገሩ ገብቶ፣ እርሻው ዳር በዱላው ቆሞ፣ የአጎቴ ልጅ እፍኙን ሲሰጠው እንቢ አለ። 'የኔ እጅ አይሆንም፤ ይበላሽባችኋል' አለ። ቢለምኑት ቢለምኑት እንቢ አለ። ከዚያ ቤት ገባ፤ ብዙም አልወጣ። ምን እንዳገኘው እንጃ፤ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።" ዕንባዋን ጠረገች። "ምን አገኘው፣ ጋሽ ተካ?"

ጋሽ ተካ "የዕድሜ ነገር ነው" አሏት።

ተነሳሁ። አራት እርምጃ ሄድኩ። ድንጋዩ አያ አዛናው ባወረዱበት ቦታ፣ ከቤቴ በር ሥር ነበር፤ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም፤ ዝናቡ አርጥቦታል። አነሳሁትና ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። ይከብዳል። እንዲያ ያለ ጉልበት ይዘው ምን ያህል እንደቆሙ ያኔ ነው የገባኝ። ተመልሼ የሻረግ ፊት ቆምኩ። 

"የሻረግ፣ ዓሦቹን አባትሽ አልገደሏቸውም" አልኩ። "አመዱ አይደለም። ውሃው ነው። ቅዳሜ ሳላሳድር የሞላሁት እኔ ነኝ። ለክቼ አውቄ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ። 

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሰኞ።"

"አባቴ ድንጋይ የተሸከመልሽ ሐሙስ ነው።"

"አዎ።"

አንገቴ ላይ ውሃ ይወርዳል፤ ከድንጋዩ ይሁን ከላብ አላውቅም። ጋሽ ተካ ሽማግሌ ናቸውና "በይ የሻረግ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ ጣዪው በያት" አሏት።

"ምን ብዬ?" አለች። ቁጣ የለባትም፤ ድክም ያለች ነበረች። "የተበደለው እሱ ነው። የሱን ይቅርታ እኔ ከየት አምጥቼ ጣዪው ልበላት?" ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ በእጇ መታ መታ አደረገች። "ቁጭ በይ፣ ሰናይት። ዝናብ ላይ አትቁሚ።"

ቁጭ አልኩ። ድንጋዩን ከማጅራቴ ወደ ጭኔ አወረድኩት፤ መሬት ግን አላስቀመጥኩትም፤ ጣዪው ያለኝ የለም። ትንሽ ቆይቶ ንፍሮ ታደለ። ሳህኑ በየሰዉ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ፤ እጄን አልዘረጋሁም። ሁለቱም እጆቼ ድንጋዩን ይዘዋል።